ዝምድናን በሠንጠረዥ መግለጽ፦ የድር መተግበሪያ ሞዴሎችና የከተማችን ነዋሪ

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ



የዛሬው ንግግሬ ርእስ በመማሪያ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ በጥቂት ገጾች የሚታለፍ ነው። በድር መተግበሪያ ውስጥ አንድ ሞዴል ከሌላው ሞዴል ጋር፣ አንድ ሠንጠረዥም ከሌላው ሠንጠረዥ ጋር እንዴት ይተሳሰራል የሚል ነው። ተማሪዎቻችን ይህን ሥራ በአንድ መስመር ኮድ ይፈጽሙታል። እኔ ላስረዳ የምሻው ያ አንድ መስመር ስለ ዓለም የተሰጠ ምስክርነት መሆኑን ነው። «ይህ ቤት የዚህ ሰው ነው» ብሎ የጻፈ ባለሙያ፣ ቤት አንድ ባለቤት ብቻ እንዳለው፣ ባለቤት የሌለው ቤት እንደማይመዘገብ፣ ባለቤቱ ሲለወጥም የቀድሞውን ማስታወስ እንደማያስፈልግ በአንድ ትንፋሽ መስክሯል። ምስክርነቱ ሐሰት ከሆነ የሚጎዳው ኮምፒውተሩ አይደለም፤ በአገልግሎት መስኮት ፊት ቆሞ «ስምዎ የለም» የሚባለው ሰው ነው።

ምሳሌዎቼን የማመጣው ከሩቅ ሳይሆን ከየካ ክፍለ ከተማና ከበላዩ ከተዘረጋው ከእንጦጦ ተራራ ነው። የነዋሪዎችና የቤቶች መዝገብ የሚይዝ አንድ የድር መተግበሪያ ልንሠራ ተነሥተናል ብላችሁ አስቡ።

መነሻ ሐሳቡ

እ.ኤ.አ. በ1970 በአይቢኤም ይሠራ የነበረው የሒሳብ ሊቅ ኤድጋር ኮድ የዝምድናዊ ሞዴልን መሠረት የጣለውን ጽሑፉን አሳተመ። ከእርሱ በፊት በነበሩት የመረጃ ቋቶች አንድ መዝገብ ከሌላው ጋር የሚገናኘው በቅድሚያ በተቀየሰ መንገድ ነበር። ፕሮግራሙ ከአባት መዝገብ ተነሥቶ ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ መንገዱን እየተከተለ ይወርዳል። መንገዱ ያልተቀየሰለት ጥያቄ ደግሞ በቀላሉ መልስ አያገኝም። ኮድ ይህን ገለበጠው። ግንኙነት የተቀየሰ መንገድ መሆኑ ቀርቶ በሠንጠረዡ ውስጥ እንደማንኛውም መረጃ የሚጻፍ ዋጋ ሆነ። የወረዳው መለያ በቤቱ ረድፍ ላይ ከተጻፈ፣ ከወረዳው ተነሥቶ ቤቶቹን፣ ከቤቱ ተነሥቶ ወረዳውን መጠየቅ ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ የቃል መደናገር ላጥራ። በኮድ ጽሑፍ «ዝምድና» የሚባለው በሁለት ሠንጠረዦች መካከል ያለው ገመድ ሳይሆን ሠንጠረዡ ራሱ ነው፤ አንድ ረድፍ በውስጡ የያዛቸውን ዋጋዎች እርስ በርስ ያዛምዳልና። በሠንጠረዦች መካከል ያለውን ትስስር በሥዕል የመግለጽ ልማድ ይበልጥ የተስፋፋው ፒተር ቼን እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው ጽሑፍ ነው። ሩቢ ኦን ሬይልስ፣ ጃንጎና ላራቬል የመሳሰሉት ማዕቀፎች በኋላ መጥተው ይህንኑ ትስስር በፕሮግራም ቋንቋ እንድንናገረው አደረጉ። ሬይልስ ለምሳሌ «የእገሌ ነው»፣ «ብዙ አለው»፣ «በእገሌ በኩል ብዙ አለው» የሚል ትርጉም ያላቸው ዐረፍተ ነገሮች አሉት። ዛሬ ለቀላልነት እነዚህን የአማርኛ አባባሎች እጠቀማለሁ።

ቁልፉ በማን እጅ ይሁን

ቀላሉን ግንኙነት እናስቀድም። አንድ ክፍለ ከተማ ብዙ ወረዳዎች አሉት፤ አንድ ወረዳ ደግሞ በአንድ ጊዜ የአንድ ክፍለ ከተማ ነው። ይህ የአንድ ለብዙ ግንኙነት ነው። ጀማሪ ተማሪ የሚጠይቀው ጥያቄ፣ ውጫዊው ቁልፍ በየትኛው ሠንጠረዥ ይቀመጥ የሚል ነው። መልሱ ከቁጥሩ ይገኛል፤ ቁልፉ የሚቀመጠው «ብዙ» በሆነው ወገን ነው። የካ የወረዳዎቹን ዝርዝር በአንድ ዓምድ ውስጥ በነጠላ ሰረዝ እየለየ አይሸከምም፤ እያንዳንዱ ወረዳ ግን የክፍለ ከተማውን መለያ መያዝ ይችላል። ልጅ የአባቱን ስም እንደሚይዝ፣ አባት ግን የልጆቹን ሁሉ ስም በስሙ ላይ እንደማይደረድር ማለት ነው።

የአንድ ለአንድ ግንኙነትም በዚሁ ሥርዓት ይጻፋል። ልዩነቱ ቁልፉ የተቀመጠበት ዓምድ የማይደገም ዋጋ እንዲይዝ መገደዱ ብቻ ነው። ያ ገደብ ካልተጻፈ «አንድ ለአንድ» የተባለው ሳይታወቅ አንድ ለብዙ ይሆናል።

ሦስተኛው የብዙ ለብዙ ግንኙነት ነው። ከእንጦጦ የሚነሣውን የቀበና ወንዝ ተመልከቱ። ወንዙን «የእገሌ ክፍለ ከተማ ነው» ብለን ብንጽፍ ውሸት ይሆናል፤ ቁልቁል ሲወርድ ከአንድ በላይ ክፍለ ከተማ ይነካልና። የእንጦጦ ሰንሰለትም ለየካ ብቻ አልተሰጠም፤ ጉለሌም ድርሻ አለው። ስለዚህ ወንዝና ክፍለ ከተማን የሚያገናኝ ሦስተኛ ሠንጠረዥ ያስፈልገናል፤ በእያንዳንዱ ረድፍ የአንዱን ወንዝና የአንዱን ክፍለ ከተማ መለያ ይይዛል። ይህ የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ አይደለም። በተራራው ላይ የዘነበው የክረምት ዝናብ ለታች ነዋሪ ደራሽ ውኃ ይሆናል። ማስጠንቀቂያ የሚልክ መተግበሪያ ወንዙን ለአንድ ክፍለ ከተማ ብቻ ካሰረው፣ መልእክቱ ከወንዙ በስተታች ላሉት ሳይደርስ ይቀራል።

ስም ቁልፍ አይሆንም

አሁን ወደ ሰው እንምጣ። ከውጭ የመጡ ብዙ መተግበሪያዎች ሰውን በመጀመሪያ ስምና በቤተሰብ ስም ይከፍላሉ። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የለም። ሰው የራሱ ስም፣ ቀጥሎ የአባቱ፣ ቀጥሎም የአያቱ ስም አለው። ሴትም ስታገባ ስሟን አትለውጥም። የአባትን ስም በቤተሰብ ስም ዓምድ ውስጥ አስገብተን «ቤተሰብ ማለት ይህ ዓምድ የሚመሳሰልለት ሁሉ ነው» ብንል ምን ይከተላል? አባት «ከበደ ዓለሙ»፣ ልጅ «አበበ ከበደ» ቢባሉ አባትና ልጅ የተለያየ ቤተሰብ ይሆናሉ። ባልና ሚስትም ይለያያሉ። በአንጻሩ በየካ ውስጥ አባቱ ከበደ የተባለ ሁሉ፣ የማይተዋወቅ ሁሉ፣ የአንድ ቤት ልጅ ተደርጎ ይቆጠራል። ያለውን ዝምድና አፍርሰን የሌለውን ፈጠርን ማለት ነው።

ትክክለኛው መንገድ ሠንጠረዡን ከራሱ ጋር ማገናኘት ነው። «ሰው» በተባለው ሠንጠረዥ ውስጥ የአባትና የእናት መለያ የሚይዙ ሁለት ውጫዊ ቁልፎች ይኖራሉ፤ ሁለቱም ወደዚያው ወደ «ሰው» ሠንጠረዥ ያመለክታሉ። አባቱ ያልተመዘገበ ሰው ስለሚኖር ሁለቱም ባዶ መሆን ሊፈቀድላቸው ይገባል። ሬይልስ እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣው ከ5ኛው ዕትሙ ጀምሮ «የእገሌ ነው» የሚል ግንኙነት ባዶ እንዳይሆን በነባሪነት ያስገድዳል። መልካም ጥበቃ ነው፤ ነገር ግን ሳያስተውል የተቀበለው ባለሙያ አባቱን የማያውቀውን ልጅ ከመዝገብ ያስወጣዋል። የአባት ስም የሚጻፍበት ዓምድም ከነዚህ ቁልፎች ተለይቶ መቆየት አለበት፤ ስም የመጠሪያ ጉዳይ ሲሆን ቁልፉ ግን ዝምድናን ይመሰክራልና።

ስምን ቁልፍ የማናደርግበት ሌላም ምክንያት ፊደላችን ነው። «ኃይሉ»ን አንዱ ጸሐፊ በ«ኃ»፣ ሌላው በ«ሐ»፣ ሦስተኛው በ«ሀ» ይጽፈዋል። ለአንባቢ አንድ ስም ነው፤ ለመረጃ ቋቱ ግን ሦስት ሰው ነው። ሁለት ሠንጠረዦችን በስም ካገናኘን አንድ ሰው በአንዱ መሥሪያ ቤት ግብር ከፋይ፣ በሌላው ያልታወቀ ይሆናል። ስለዚህ ቀዳሚው ቁልፍ ትርጉም የሌለው መለያ ይሁን። ስሙ ይታረም፣ ይለወጥ፤ ቁልፉ ግን ባለበት ይጽና።

የቤት ቁጥር «አዲስ»

ቤትም እንዲሁ ነው። በነዋሪነት መታወቂያ ላይ «የቤት ቁጥር፦ አዲስ» የሚል ጽሑፍ ያላየ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። ቁጥር ገና ያልተሰጠው ቤት ማለት ነው። የቤቱን ቁጥር ቁልፍ ያደረገ መተግበሪያ «አዲስ» የተባሉትን ቤቶች ሁሉ አንድ ቤት ያደርጋቸዋል፤ ዓምዱን የማይደገም ያደረገ ደግሞ ከመጀመሪያው «አዲስ» በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ይመልሳል። «ወረዳ 5» የሚለውም ብቻውን የማንም አድራሻ አይሆንም፤ ተመሳሳይ የወረዳ ቁጥር በየክፍለ ከተማው አለና። የማይደገመው የክፍለ ከተማውና የወረዳው ቁጥር በአንድነት ሲወሰዱ ብቻ ነው፤ ገደቡም በሁለቱ ዓምዶች ላይ በጋራ መጻፍ አለበት።

የቤት ባለቤትነትን ስናስብ ደግሞ ሕጉን እንክፈት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ በጋብቻ ውስጥ ያለ ንብረት በአንዱ ተጋቢ ስም ብቻ የተመዘገበ ቢሆንም የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ እንደሆነ ይገምታል። የጋራ የሆነውን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም የሁለቱ ስምምነት ያስፈልጋል። እንግዲህ በ«ቤት» ሠንጠረዥ ላይ አንድ «የባለቤት መለያ» ዓምድ ብቻ ያኖረ ንድፍ ከሕጉ ጋር ተጋጭቷል። ሁለተኛው ተጋቢ የሚጻፍበት ቦታ የለውም፤ አብዛኛውን ጊዜ ያ ሁለተኛ ሰው ሚስት ናት። ጸሐፊዋ ብትፈልግ እንኳ ልታስገባት አትችልም፤ ቅጹ አልተሠራላትምና። መፍትሔው «ባለይዞታነት» የሚል አገናኝ ሠንጠረዥ ነው፤ የሰውየውን መለያ፣ የቤቱን መለያ፣ ድርሻውን፣ የተጀመረበትንና ያበቃበትን ቀን ይይዛል። ቤትም «በባለይዞታነት በኩል ብዙ ባለቤቶች አሉት» ይባላል።

ልብ በሉ፤ አገናኝ ሠንጠረዡ ስም ሲያገኝ ራሱን የቻለ ነገር ሆነ። ማዕቀፎች ስም የለሽ አገናኝ ሠንጠረዥንም ይፈቅዳሉ፤ ሁለት ቁልፎችን ብቻ ይዞ ከበስተጀርባ ይቀመጣል። እኔ ለተማሪዎቼ የምመክረው ግንኙነቱ በሕይወት ውስጥ ስም ካለው በሞዴልም ስም እንዲኖረው ነው። ጋብቻ፣ ኪራይ፣ ነዋሪነት፣ ሞግዚትነት፣ እነዚህ ሁሉ የራሳቸው ቀንና ሁኔታ ያላቸው ግንኙነቶች ናቸው።

ጊዜን የዘነጋ ግንኙነት

ከሁሉ የሚረሳው ጊዜ ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ የቀበሌን አደረጃጀትም አስከተለ። በ1995 ዓ.ም. ከተማዋ በ10 ክፍላተ ከተሞች ተዋቀረች፤ ከዚያም ቀበሌ በወረዳ ተተካ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከየካና ከቦሌ ተከፍሎ ለሚ ኩራ 11ኛው ክፍለ ከተማ ሆነ። ሰዎቹ ከቤታቸው አልተንቀሳቀሱም፤ ቤታቸው የሚገኝበት ክፍለ ከተማ ግን ተለወጠ። ስሙ ላይ «የካ» የሚል ቃል ያለበት የካ አባዶ እንኳ ዛሬ የሚቆጠረው በለሚ ኩራ ነው።

በመተግበሪያችን ውስጥ ይህ ለውጥ እንዴት ይፈጸማል? አንዱ መንገድ ወረዳው የያዘውን የክፍለ ከተማ ቁልፍ ከየካ ወደ ለሚ ኩራ መለወጥ ነው። አንድ ትእዛዝ ይበቃል። ነገር ግን በዚያች ቅጽበት በ2005 ዓ.ም. የተሰጠ የልደት ምስክር ወረቀት፣ በ2010 ዓ.ም. የተቆረጠ ደረሰኝ፣ ሁሉም ያኔ ባልነበረ ክፍለ ከተማ የተሰጠ መስሎ ይታያል። ባለጉዳዩ በእጁ የያዘው ወረቀት «የካ» ይላል፤ ኮምፒውተሩ «ለሚ ኩራ» ይላል። ወረቀቱ ትክክል ሆኖ ሳለ የሚጠረጠረው ወረቀት ያዡ ነው።

ስለዚህ ወረዳና ክፍለ ከተማም በመካከላቸው «ተጠሪነት» የሚል፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን ያለው ሠንጠረዥ ያሻቸዋል። ዛሬ የማን እንደሆነ ለመጠየቅ የመጨረሻ ቀኑ ባዶ የሆነውን ረድፍ እንወስዳለን፤ በ2010 ዓ.ም. የማን እንደነበረ ለመጠየቅ በዚያ ቀን የጸናውን እንፈልጋለን። ቀላሉን የአንድ ለብዙ ግንኙነት ስንጀምር «በአንድ ጊዜ» ያልኩት ለዚህ ነበር። በአንድ ጊዜ ሲታይ አንድ የሆነው፣ በዘመን ውስጥ ሲታይ ብዙ ነው።

ሲሰረዝ ምን ይቀራል

በግንኙነት የተሳሰረ ረድፍ ሲሰረዝ ሦስት ዋና ዋና ምርጫዎች አሉ። ከእርሱ ጋር የተያያዘው ሁሉ አብሮ ይሰረዛል፤ ወይም ተያያዥ እስካለ ድረስ ስረዛው ይከለከላል፤ ወይም የተያያዘው ረድፍ ይቀርና ቁልፉ ባዶ ይሆናል። ጃንጎ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ከወጣው ከ2.0 ዕትሙ ጀምሮ ባለሙያው ምርጫውን በግልጽ እንዲጽፍ ያስገድዳል። ዝም ብሎ ማለፍ ቀረ ማለት ነው፤ ትልቅ ትምህርት አለው።

በመልሶ ማልማት ምክንያት አንድ ቤት ፈረሰ እንበል። ቤቱ የለምና ረድፉ ይሰረዝ የሚል ሐሳብ ለጀማሪ ተፈጥሯዊ ይመስለዋል። ተከትሎ የመሰረዝ ምርጫ ከተጻፈ ግን የቤቱ ባለይዞታዎች፣ ተከራዮች፣ የከፈሉት ኪራይና ግብር ሁሉ አብሮ ይጠፋል። የልማት ተነሺ የሆነ ሰው በዚያ ቤት መኖሩን ማስረዳት ከምንጊዜውም ይልቅ የሚያስፈልገው ቤቱ በፈረሰ ማግስት ነው። ካሳም ምትክም የሚጠየቀው በማስረጃ ነውና። ስለሆነም የሰው መብት የተንጠለጠለበት ረድፍ አይሰረዝም፤ «ፈርሷል» የሚል ሁኔታና ቀን ይጻፍበታል። በመረጃ ቋቱም ላይ ስረዛው ይከልከል።

ዘበኛው የት ይቁም

በመጨረሻ ስለ አፈጻጸም። በሬይልስም ሆነ በላራቬል በሞዴሉ ላይ «ብዙ አለው» ብሎ መጻፍ በመረጃ ቋቱ ውስጥ ገደብ አይፈጥርም፤ ውጫዊው ቁልፍ ለብቻው በቋቱ ላይ መታወጅ አለበት። ጃንጎ ግን በተለመደው አሠራሩ ይህን ራሱ ይፈጽማል። ልዩነቱ የሚታየው አንድ ሠራተኛ ከኤክሴል ሰነድ አሥር ሺህ ረድፍ በቀጥታ ወደ ቋቱ ሲጭን ነው። ሞዴሉ በዚያ መንገድ ስለማይታለፍ ቤት የሌላቸው ነዋሪዎች፣ ወረዳ የሌላቸው ቤቶች ሳይታወቅ ይገባሉ። ዘበኛ መቆም ያለበት ሁሉም በሚያልፍበት በር ላይ ነው፤ ያ በር የመረጃ ቋቱ ነው። ኤስኪውላይት በነባሪነት የውጫዊ ቁልፍ ገደብን እንደማያስከብር፣ የማይኤስኪውኤል የቀድሞው ማይአይሳም ሞተርም ትእዛዙን ተቀብሎ በዝምታ እንደሚያልፈው አትርሱ።

በዚህ ረገድ ልትጠነቀቁለት የሚገባ የግንኙነት ዓይነት አለ። አቤቱታን አስቡ፤ አንዱ በቤት ላይ፣ ሌላው በመንገድ ላይ፣ ሦስተኛው በወንዝ ላይ ይቀርባል። አንዳንድ ማዕቀፎች የሞዴሉን ስም በአንድ ዓምድ፣ መለያውን በሌላ ዓምድ በመጻፍ አቤቱታውን ከማንኛውም ጋር ለማሰር ይፈቅዳሉ። ምቹ ነው፤ ነገር ግን ቋቱ ወደ የትኛው ሠንጠረዥ እንደሚያመለክት ስለማያውቅ ጥበቃ ሊያደርግለት አይችልም። ቁም ነገር ላለበት መዝገብ ለቤት፣ ለመንገድና ለወንዝ የየራሳቸውን ውጫዊ ቁልፍ አኑሮ ከሦስቱ አንዱ ብቻ እንዲሞላ ማስገደድ ይሻላል።

ፍጥነትንም አልዘነጋም። መቶ ቤቶችን ዘርዝሮ የየቤቱን ነዋሪዎች በየተራ የሚጠይቅ ገጽ 101 መጠይቆችን ይልካል፤ የሁሉንም ነዋሪዎች በአንድነት አስቀድሞ የሚያመጣ ግን በ2 መጠይቆች ይጨርሳል። ፖስትግሬስኪውኤል ለውጫዊ ቁልፍ ዓምድ ኢንዴክስ በራሱ ስለማይሠራ እናንተ ሥሩለት። ይህ ሁሉ ግን በኋላም ሊስተካከል ይችላል። ዘገምተኛ መዝገብ ያሰለቻል እንጂ ሐሰት አይናገርም።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ የግንኙነት መስመር ከመጻፋችሁ በፊት አራት ጥያቄዎችን ጠይቁ። በአንድ ጊዜ ስንት ነው? ባዶ ሊሆን ይችላልን? መቼ ይለወጣል፤ የቀድሞውስ ይታወሳልን? አንዱ ሲጠፋ ሌላው ምን ይሆናል? መልሱን በማዕቀፉ መመሪያ ውስጥ አታገኙትም። መዝገብ ቤቱን የምትሠራዋን ጸሐፊ፣ አዋጁን፣ ከዚህ ቁልቁል በሾላ ገበያ ዙሪያ የሚኖሩትን ነዋሪዎች ጠይቃችሁ ነው የምታገኙት። ማዕቀፉ የሰጣችሁን መልስ በአንድ መስመር ለመጻፍ ይረዳችኋል፤ የመስመሩ እውነት ግን የእናንተ ኃላፊነት ነው።